ዲስፕሮሲየምን በሌዘር አቀዝቅዞ ማጥመድ፦ ከምድጃው እስከ ብርሃን ወጥመዱ

ይህ መመሪያ የአተም ጨረራቸው በደንብ እየፈሰሰ፣ ሰማያዊው ሌዘር እየሠራ፣ ቀዩ ወጥመድ (በቀይ ሌዘርና በመግነጢሳዊ መስክ አተሞቹን የሚይዘው) ግን አልሞላ ላላቸው ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙው ሰው የሌዘር ኃይል ለመጨመር ይሮጣል። ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ ላይ አይደለም። ዲስፕሮሲየም ወደ 10 ቦር ማግኔቶን (የአተም ማግኔት መለኪያ) የሚጠጋ መግነጢሳዊ ሞመንት የተሸከመ አተም ነው፤ ሩቢዲየም የሚሸከመው 1 ነው። በሩቢዲየም የሚታለፍ ትንሽ የመስክ ስህተት እዚህ አይታለፍም። በጠባብ መስመር (አተሙ ብርሃን በሚቀበልበት ጠባብ የድግግሞሽ ክልል) በሚሠራ ወጥመድ ውስጥ ደመናው የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት የሌዘሩ ድግግሞሽና መግነጢሳዊ መስኩ ናቸው፤ አንዱ ሲንሸራተት ደመናውም አብሮ ይንሸራተታል።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። የአንዱ ደረጃ መፈተሻ ሳያልፍ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ የማይረሱ ቁጥሮች

በዲስፕሮሲየም ሁለት መስመሮች እንጠቀማለን። የ421 ናኖሜትሩ ሰማያዊ መስመር ስፋቱ 32 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ኃይለኛ ስለሆነ ለማዘግየትና ለፎቶ ይሆናል፤ የዶፕለር ወሰኑ (በመስመሩ ማቀዝቀዝ የሚያደርሰው ዝቅተኛ ሙቀት) ግን 770 ማይክሮኬልቪን ገደማ ነው። የ626 ናኖሜትሩ ቀይ መስመር ስፋቱ 136 ኪሎኸርትዝ፣ የሙሌት ጥንካሬው (አተሙ ብርሃን መጥገብ የሚጀምርበት) በካሬ ሳንቲሜትር 72 ማይክሮዋት፣ የዶፕለር ወሰኑ 3.2 ማይክሮኬልቪን ነው። ወጥመዱን የምንሠራው በዚህኛው ነው።

በኤርቢየም የምትሠሩ ከሆነ (7 ቦር ማግኔቶን) አካሄዱ ያው ነው። ሰማያዊው 401 ናኖሜትር ላይ 30 ሜጋኸርትዝ፣ ጠባቡ 583 ናኖሜትር ላይ 190 ኪሎኸርትዝ ነው፤ ወሰኑ 4.6 ማይክሮኬልቪን ይሆናል። ከታች ያሉትን ስሌቶች በነዚህ ቁጥሮች ድገሟቸው።

በዲስፕሮሲየም-164 ጀምሩ። በተፈጥሮ ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው፤ 28 በመቶ ይሆናል። የኒውክሊየስ ስፒን ስለሌለው ሃይፐርፋይን ክፍፍል (በኒውክሊየሱ ምክንያት የመስመሩ መከፋፈል) አያስቸግራችሁም።

## 1. ምድጃውና ቫኪዩሙ

ሀ. ብረቱን በአርጎን ውስጥ ጽዋው ላይ ጫኑ። ዲስፕሮሲየም አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ የዛገው ገጽ መጀመሪያ ላይ ጨረሩን ያዳክመዋል። ጽዋው ታንታለም ወይም ሞሊብዲነም ይሁን።

ለ. ምድጃው ሁለት የሙቀት ክፍል ይኑረው። የፊተኛውን አፍ ሁልጊዜ ከጽዋው 100 ዲግሪ ያህል አስበልጣችሁ ያዙ። አፉ ከቀዘቀዘ ትነቱ እዚያው ይጠራቀምና ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ሐ. ሙቀቱን ቀስ ብላችሁ፣ በደቂቃ ጥቂት ዲግሪ ብቻ አውጡት። የዜማን ማዘግያ (በመስክና ከፊት በሚመጣ ሌዘር አተሞቹን የሚያዘገይ ክፍል) ለሚጠቀም ማሽን የሚሠራበት ሙቀት ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የመቅለጫ ነጥቡ 1412 ስለሆነ ብረቱ ሳይቀልጥ ነው የሚተነው።

መ. የማቀዝቀዣ ውኃው ሲቋረጥ ምድጃውን የሚያጠፋ አውቶማቲክ መቁረጫ ግጠሙ። ይህን ሳትገጥሙ ምድጃውን ማታ ትታችሁ አትሂዱ።

ሠ. በምድጃውና በዋናው ክፍል መካከል ጠባብ ቱቦ አድርጉ። ዋናው ክፍል 10⁻¹¹ ሚሊባር አካባቢ መሆን አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ የአተም ጨረሩ ፊት ለፊት የሚያርፍበትን መስኮት በቀጥታ ለሌዘር አትጠቀሙበት። ብረቱ መስታወቱን ይለብጠዋል፣ ከወራት በኋላም ብርሃን አያሳልፍም። በቫኪዩሙ ውስጥ በ45 ዲግሪ የቆመ የብረት መስታወት አድርጋችሁ የማዘግያውን ጨረር ከጎን አስገቡ፤ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ዲስፕሮሲየም ራሱ የሚያንጸባርቅ ብረት ነውና ብዙ አይጎዳውም።

መፈተሻ፦ ደካማ የ421 ጨረር የአተም ጨረሩን በ90 ዲግሪ ቀጥ ብሎ እንዲሻገር አድርጉና ድግግሞሹን በቀስታ አንሸራትቱት። የአይሶቶፖቹ ጫፎች ተለያይተው መታየት አለባቸው፤ በ164 እና በ162 መካከል ወደ 1 ጊጋኸርትዝ የሚጠጋ ልዩነት አለ። አንዱን በሌላው እንዳትሳሳቱ ጫፎቹን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ጫፎቹ ከተደባለቁ ጨረሩ ቀጥ ብሎ አልተሻገረም ወይም የአተም ጨረሩ ሰፊ ነው።

## 2. ሁለቱ ሌዘሮች

ሰማያዊው ብዙ ጊዜ የሚገኘው የ842 ናኖሜትር ብርሃንን ድግግሞሽ በእጥፍ በማሳደግ ነው። ስፋቱ 32 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ መቆለፊያው (ድግግሞሹ እንዳይንሸራተት የሚይዘው) ብዙ አያስጨንቅም፤ በዲስፕሮሲየም ሆሎ-ካቶድ መብራት ላይ መቆለፍ ይበቃል።

ቀዩ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለምዶ የ1050 እና የ1550 ናኖሜትር ፋይበር ሌዘሮች ድግግሞሻቸው በክሪስታል ውስጥ ተደምሮ ነው 626 የሚወጣው። የሌዘሩ የራሱ ስፋት ከ136 ኪሎኸርትዝ በጣም ማነስ አለበት፤ ከ50 ኪሎኸርትዝ በታች አድርሱት። የምትቆልፉበት ካቪቲ (ለድግግሞሹ መለኪያ የሚሆን፣ በሁለት አንጸባራቂዎች መካከል ያለ ክፍተት) ደግሞ በቀን ውስጥ የማይንሸራተት፣ ሙቀቱ የተጠበቀ የዩኤልኢ (በሙቀት እጅግ ትንሽ የሚሰፋ) መስታወት ይሁን።

ይህን ያህል ለምን እንደምጨቀጭቅ በቁጥር ላሳያችሁ። በወጥመዱ ውስጥ አተሞቹ ኤም = −8 ላይ ይሰበሰባሉ (ኤም የአተሙ ስፒን ከመስኩ አንጻር ያለበትን ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ነው)፤ ከዚያ ወደ ኤም = −9 የሚያሻግረው መስመር በእያንዳንዱ ጋውስ 2.3 ሜጋኸርትዝ ያህል ይንሸራተታል። የመጨረሻው ግራዲየንታችሁ (መስኩ በየሳንቲሜትሩ የሚለወጥበት መጠን) በሳንቲሜትር 1.5 ጋውስ ከሆነ፣ የሌዘሩ ድግግሞሽ በ1 ሜጋኸርትዝ ሲቀየር ደመናው 3 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። ማለትም 10 ኪሎኸርትዝ ብቻ የተንሸራተተ ካቪቲ ደመናውን 30 ማይክሮሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። የብርሃን ወጥመዱ (አተሞቹ በመጨረሻ የሚሻገሩበት የ1064 ናኖሜትር ጨረር) ወገብ፣ ማለትም ጠባቡ ቦታ፣ ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። «ጠዋት ይሠራ ነበር፣ ከሰዓት ግን አተም የለም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ማስጠንቀቂያ፦ የ421 ጨረር ለዓይን ከኃይሉ በጣም ደብዝዞ ይታያል። ደብዛዛ መሰለ ብላችሁ ካለ መነጽር አትቅረቡት።

መፈተሻ፦ ቀዩን ጨረር የአተም ጨረሩን ቀጥ ብሎ እንዲሻገር አድርጉ፣ ሰማያዊውን የሚከለክል ማጣሪያ ካሜራው ላይ ግጠሙ፣ የመስመሩን መሐል ፈልጉ። ይህን ቁጥር ሳታገኙ ወጥመድ ለመሙላት መሞከር በጨለማ መዳበስ ነው።

## 3. መስኩን ዜሮ ማድረግ

የምድር መስክ ወደ 0.5 ጋውስ ነው። በቀዩ መስመር ላይ ይህ ከ1 ሜጋኸርትዝ በላይ፣ ማለትም ከመስመሩ ስፋት ስምንት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. በሦስቱም አቅጣጫ የማካካሻ ጥቅልሎች ግጠሙ።

ለ. ከክፍሉ አጠገብ ያለውን የሚማገነጥ ብረት ሁሉ አንሱ። የብረት ብሎን፣ የሌንስ መያዣ፣ የተረሳ መፍቻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአዮን ፓምፑን ማግኔት ተጠራጠሩ። ፓምፑን ማራቅ ካልቻላችሁ ቦታው እንዳይለወጥ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ቋሚ መስክ ይካካሳል፣ ተንቀሳቃሽ መስክ ግን አይካካስም።

ሐ. ክፍሉ ከውጭ በሚደረስበት ሁሉ በመስክ መለኪያ ለኩ፣ ማዕከሉን ከልኬቶቹ አስሉ። በዚህ ደረጃ ከ50 ሚሊጋውስ በታች ከደረሳችሁ በቂ ነው፤ የቀረውን አተሞቹ ራሳቸው በኋላ ይነግሯችኋል።

መ. የግራዲየንቱ ጥቅልሎች ሲጠፉ መስኩ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚቆይ ለኩ። የብረት ክፍል ያላችሁ ሰዎች የሚዞር ጅረት ይገጥማችኋል።

## 4. ጨረሩን ማዘግየት

ከ1250 ዲግሪ ምድጃ የሚወጣ አተም በአማካይ በሰከንድ 440 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በ421 ብርሃን ከሚቻለው ትልቁ ኃይል ግማሹን ተጠቅሞ ለማቆም 33 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያስፈልጋል። ማዘግያውን ከዚህ አታሳጥሩት።

ከምድጃው አፍ ቀጥሎ፣ ከማዘግያው በፊት፣ በጎን በኩል ሁለት የ421 ጨረሮች አስገብታችሁ አተሞቹን ሰብስቡ። ይህ ብቻውን የሚያዘውን ቁጥር በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፤ ዋጋው ደግሞ ጥቂት መስታወቶች ብቻ ነው።

አተሞቹ ከማዘግያው ሲወጡ ፍጥነታቸው በሰከንድ ጥቂት ሜትር መሆን አለበት፤ ቀዩ ወጥመድ ከዚያ በላይ የሚሮጥ አይዝም። በጣም ማዘግየትም አደጋ አለው፦ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ አተም 20 ሳንቲሜትር ለመጓዝ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ 2 ሚሊሜትር ይወድቃል፣ በጎንም ይበተናል። የማዘግያውን መጨረሻ በተቻለ መጠን ወደ ወጥመዱ አስጠጉ። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ አተሞቹ ትንሽ ፈጥነው ይውጡና ልክ ከወጥመዱ ፊት በአንግል በሚሻገሩ ሁለት የ421 ጨረሮች የመጨረሻውን ፍሬን ያዙ።

## 5. ቀዩን ወጥመድ መሙላት

1. የጥቅልሎቹን ዘንግ ቁም አድርጉት፣ ግራዲየንቱን በሳንቲሜትር 3 ጋውስ አድርጉ።
2. ጨረሮቹን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር አስፉ። ጥንካሬያቸው ከሙሌት ጥንካሬው መቶ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።
3. ድግግሞሹን ከመስመሩ መሐል በታች 5 ሜጋኸርትዝ ላይ አኑሩ።
4. በሚሞላበት ጊዜ ብቻ ድግግሞሹን በሞዱሌተር (የብርሃኑን ድግግሞሽ በሚቀይር መሣሪያ) በጥቂት ሜጋኸርትዝ አስፉት። ጠባብ መስመር የሚይዘው የፍጥነት ክልል ትንሽ ነው፤ ማስፋቱ ክልሉን ያሰፋዋል።
5. ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ፣ ከዚያ ካሜራውን ተመልከቱ።

ካሜራውን የት እንደምታነጣጥሩ አስቀድማችሁ አስሉ። 5 ሜጋኸርትዝ በ2.3 ሲካፈል 2.2 ጋውስ ገደማ ነው፤ በሳንቲሜትር 3 ጋውስ ከሄድን ደመናው ከማዕከሉ 7 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ማዕከሉን እያየ «ምንም የለም» ይላል፣ ደመናው ግን ከምስሉ ጠርዝ በታች ተንጠልጥሏል። መልኩም ክብ አይደለም፤ ከታች የተጎነበሰ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነው።

ደመናው ዝቅ የሚለው በስበት ብቻ አይደለም። በኤም = −8 ያለ አተም ወደ ጠንካራ መስክ ይሳባል፣ ከማዕከሉ በታች ደግሞ መስኩ ወደ ታች ይጠነክራል። ስበትን ልክ የሚያክል ግፊት የሚሰጠው ግራዲየንት በሳንቲሜትር 2.9 ጋውስ ነው፤ ስለዚህ በ3 ጋውስ ላይ አተሙ የክብደቱን እጥፍ ያህል ወደ ታች ይጎተታል። የሚሸከመው ከታች የሚመጣው ጨረር ነው። ከላይ የሚወርደውን ጨረር ጨርሶ አጥፍተው በአምስት ጨረር ብቻ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ ቦታ ለቸገረው ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

### ካልሞላ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ

- የአንዱን ጥቅልል ሳይሆን የሁለቱንም ጅረት አቅጣጫ ገልብጡ። ከሞላ ፖላራይዜሽኑ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው።
- ድግግሞሹን ከመስመሩ በታች ከ2 እስከ 8 ሜጋኸርትዝ አንሸራትቱ። መሐሉን በትክክል ካላገኛችሁ ከላይ በኩል እየሠራችሁ ሊሆን ይችላል።
- የማዘግያውን ጨረር ድንገት አጥፉ። ደመናው ያኔ ብልጭ ብሎ ከታየ ወይም ቦታውን ከለወጠ፣ ጨረሩ እየገፋው ነው፤ ድግግሞሹን አርቁ ወይም ጨረሩን አጥብቡ።
- የማዘግያውን የመጨረሻ ጥቅልል ጅረት በትንሽ በትንሹ ቀይሩ። የመውጫ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ግማሹ ብልሽት እዚህ ይፈታል።
- ከአይሶቶፖቹ ትክክለኛው ላይ መሆናችሁን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ሰማያዊው በ164፣ ቀዩ በ162 ላይ ከተቆለፈ ምንም አይያዝም።

በደንብ የተስተካከለ ማሽን ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን አተም ይይዛል።

## 6. መጭመቅ

በመጀመሪያ የድግግሞሽ ማስፋቱን አጥፉ። ከዚያ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ሦስቱን አብራችሁ ቀይሩ፦ ጥንካሬውን ከሙሌቱ በታች አውርዱ፣ ግራዲየንቱን ወደ 1.5 ጋውስ በሳንቲሜትር ቀንሱ፣ ድግግሞሹን ወደ መስመሩ አስጠጉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ደመናው ሞቃት ሲሆን ድግግሞሹን በመነካካት ነው። ብርሃኑ ከመስመሩ ራቅ ብሎ እስካለ ድረስ ሙቀቱን የሚወስነው ጥንካሬው ነው፤ ድግግሞሹ የሚወስነው ቦታውን ነው። ለማቀዝቀዝ ጥንካሬውን ቀንሱ፣ ለማንቀሳቀስ ድግግሞሹን ቀይሩ።

የመቀነሱ ወሰን የሚመጣው ከስበት ነው። በ626 ላይ ትልቁ የብርሃን ግፊት ከአተሙ ክብደት 170 እጥፍ ያህል ነው፤ ጥንካሬው ከሙሌቱ 1/170 አካባቢ ሲደርስ ደመናው መሸከሚያ ያጣል። መግነጢሱም ስለሚጎትት ከዚያ ቀደም ብሎ ይወድቃል።

ሙቀቱን በነጻ መስፋፋት ለኩ። በ10 ማይክሮኬልቪን ደመናው በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ወደ 0.45 ሚሊሜትር ስፋት ይደርሳል። ከ15 ማይክሮኬልቪን በላይ ካገኛችሁ መጀመሪያ የሌዘሩን የድግግሞሽ ስፋት፣ ቀጥሎ የጥንካሬውን መረጋጋት መርምሩ።

## 7. ስፒኑን መመርመር

በዚህ ደረጃ አተሞቹ በሙሉ ኤም = −8 ላይ መሆን አለባቸው። ብርሃኑን አጥፍታችሁ ደመናው ሲወድቅ ቁም ግራዲየንት ከቋሚ መስክ ጋር አብሩ። አንድ ደመና ብቻ ከታየ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ ከተከፈለ ስፒኑ ተደባልቋል፤ ደመናውን ድግግሞሹን በማራቅ ትንሽ ዝቅ አድርጉትና ድገሙ። ዝቅ ባለ መጠን ከታች የሚመጣው ጨረር ብቻውን ስለሚያየው ስፒኑ ይጠራል።

ፎቶው በ421 ሲነሳ መስኩ በምስሉ ጨረር አቅጣጫ ይሁን፣ ፖላራይዜሽኑም ክብ። ይህን ካላደረጋችሁ የአተሙ ቁጥር ከእውነተኛው በጣም አንሶ ይወጣል፤ ሰውም የሌለ ብክነት ሲፈልግ ይከርማል።

## 8. ወደ ብርሃን ወጥመዱ ማሻገር

የ1064 ናኖሜትር ጨረር ደመናው ካለበት ቦታ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ከማዕከሉ ሳይሆን ከተንጠለጠለበት። ጨረሩን ማንቀሳቀስ ከባድ ነው፣ ደመናውን ማንቀሳቀስ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ማገናኛ የቁም መስኩን በ10 ሚሊጋውስ እርምጃ ቀይሩ። የወጥመዱ ጥልቀት ከደመናው ሙቀት አስር እጥፍ ያህል ይሁን።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. የ1064ን ጨረር አብሩ፣ ከቀዩ ወጥመድ ጋር ለ50 ሚሊሰከንድ ያህል አብረው ይቆዩ።
2. ግራዲየንቱን ከመቀነሳችሁ በፊት ቋሚ የቁም መስክ አብሩ። አቅጣጫው ደመናው አሁን ካለበት መስክ ጋር አንድ ይሁን፤ መጠኑ ጥቂት መቶ ሚሊጋውስ ይበቃል።
3. ግራዲየንቱን አውርዱ፣ ቀዩን ብርሃን አጥፉ።
4. የቀዩንም የሰማያዊውንም መንገድ በሜካኒካል መዝጊያ ዝጉ። ሞዱሌተር ብቻውን ሾልኮ የሚያልፍ ብርሃን ይተዋል፤ ያ ብርሃን ደመናውን ያሞቀዋል።

ሁለተኛውን እርምጃ ማንም እንዳይዘልለው አደራ እላለሁ። መስኩ በዜሮ በኩል ካለፈ አተሞቹ ከኤም = −8 ይወጣሉ። ከዚያ እርስ በርስ ሲጋጩ፣ ማግኔታቸው ጠንካራ በመሆኑ፣ ስፒን ገልብጠው የዜማን ጉልበቱን (አተሙ በመስኩ ምክንያት ያለውን) ወደ እንቅስቃሴ ይለውጡታል፤ ለአንድ ግልበጣ በ1 ጋውስ መስክ 83 ማይክሮኬልቪን ይለቀቃል። 100 ማይክሮኬልቪን ጥልቀት ባለው ወጥመድ ሁለት ግልበጣ ብዙ ጥፋት ነው። በኤም = −8 ላይ ግን የሚወርዱበት ዝቅተኛ ደረጃ የለም።

### አተሞቹ ገብተው በፍጥነት ከጠፉ

የቋሚ መስኩን መጠን ተጠራጠሩ። በነዚህ አተሞች የፌሽባህ ሬዞናንሶች (የአተሞቹ ግጭት በድንገት የሚበረታባቸው የመስክ መጠኖች) እጅግ የተጠጋጉ ናቸው፤ በኤርቢየም በአማካይ በአንድ ጋውስ 3 ያህል ተለክተዋል፣ ዲስፕሮሲየምም ከዚያ አይሻልም። ከ0.2 እስከ 5 ጋውስ በ20 ሚሊጋውስ እርምጃ ሂዱ፤ በየነጥቡ ለግማሽ ሰከንድ ያዙና የቀረውን አተም ቁጠሩ። በሚወጣው ግራፍ ላይ ከጉድጓዶቹ ራቅ ያለ ሰፊ ሜዳ ምረጡና እዚያ ሥሩ።

ሜዳው ላይ ሆናችሁም ቢጠፉ የብክነቱን ቅርጽ እዩ። መጀመሪያ ፈጥኖ ኋላ የሚዘገይ ከሆነ አተሞቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ነው፤ ወደ ደረጃ 7 ተመልሳችሁ ስፒኑን ፈትሹ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ጊዜ ከቀረው አተም ያው ድርሻ የሚቀንስ ከሆነ ቫኪዩሙ ነው፤ የአተም ጨረሩን መዝጊያ ዘግታችሁ ድጋሚ ለኩ፣ ዕድሜያቸው ከረዘመ መዝጊያው ከሞላ በኋላ በየዙሩ እንዲዘጋ አድርጉ።